ለብርድ ወቅት አደን የሚሆን የሱፍ ልብስ አመራረጥ፦ አምስት አማራጮች በንጽጽር

በሚኒሶታ በጠመንጃ የሚደረገው የአጋዘን አደን የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። በግዛቲቱ ሰሜናዊ ጫካዎች በዚያ ሰሞን ማለዳ ውሃ የሚያረጋ ብርድ የተለመደ ነው። ከምስጋና ቀን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የሚጀምረው በአፈሙዙ የሚጎረስ ጠመንጃ ወቅት ደግሞ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ስለሚዘልቅ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በኮሎራዶ ኤልክ የተባለው ትልቅ የአጋዘን ዓይነት በጠመንጃ የሚታደነው በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ብዙውን ጊዜ ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በእነዚህ ግዛቶች ኑሯቸውን መሥርተው ወደ አደን ብቅ ያሉ ወገኖቻችን መደብር ገብተው «መቶ በመቶ ሱፍ»፣ «የሱፍ ድብልቅ»፣ «ሜሪኖ»፣ «24 ኦውንስ»፣ «400 ግራም» የሚሉ ጽሑፎችን ሲያነቡ፣ ዋጋውም ከ30 ዶላር እስከ 500 ዶላር ሲለያይ ያገኙታል። ብዙው አዲስ ገዢ ታዲያ ከመስቀያው ላይ ከባዱን ኮት ያነሣና ከሥሩ የጥጥ ካናቴራና ጂንስ ይለብሳል፤ ይህ ደግሞ ገንዘቡ ሁሉ ብዙ በማይሠራበት ቦታ የፈሰሰበት አለባበስ ነው።

ከዚህ በታች የሚወዳደሩት የጨርቅ ዓይነቶች እንጂ ድርጅቶች አይደሉም። አንዱ ድርጅት ራሱ ጥሩውንም ደካማውንም ጨርቅ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ጨርቁን መለየት የቻለ ገዢ የንግድ ምልክቱን ሳያይ መምረጥ ይችላል።

መመዘኛዎቹ

ከቴርሞሜትሩ በፊት መታየት ያለበት አዳኙ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ነው። በሚኒሶታ አዳኙ ጎህ ሳይቀድ ዛፍ ላይ የተሠራ ማማ ላይ ወጥቶ ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ ያንን ጥቂቱን የሚይዝለት ወፍራም ልብስ ያስፈልገዋል። በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የሚከታተል ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ዳገት ይወጣል፣ ያልበዋል፤ ከዚያ ድንገት ቁጭ ብሎ ሸለቆውን ሲቃኝ ላቡ ይቀዘቅዝበታል። ለመጀመሪያው ሰው ሕይወት የሆነው ኮት ለሁለተኛው ሸክምና የላብ ምንጭ ነው። የአደን ልብስ ምክር የሚሰጡ ብዙ ሰዎች የሚጣሉት አንዱ ስለ ማማ፣ ሌላው ስለ ዳገት እያወራ በመሆኑ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መመዘኛ ጥንካሬ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ውፍረትና ጥንካሬ ይምታታሉ። የበግ ሱፍ እያንዳንዱ ክር በላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት፤ ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይኮማተራል፣ ጥቅጥቅ ብሎም ይጠብቃል። በዚህ መንገድ የጠበቀ ጨርቅ ነፋስ በቀላሉ አያሳልፍም፣ እሾህ ቢይዘውም ክሩ አይተረተርም፣ ቢቀደድ እንኳ ጠርዙ ቶሎ አይበተንም። በደንብ ያልጠበቀ ጨርቅ ግን ወፍራም ቢሆንም ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ድርና ማጉ መካከል ብርሃን ይታያል፤ ያ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነፋሱም የሚገባበት ነው። በአገራችን የመንዝ በርኖስ ከሸካራ የበግ ሱፍ ተሠርቶ ካፊያና ውርጭ የሚመክተው በዚሁ ባሕርይ ነው።

የሱፉ ምንጭም ከጥንካሬው ጋር ይታያል። ከአሮጌ ልብስ ተፈትቶ እንደገና የተፈተለ ሱፍ ክሩ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይበጣጠሳል፣ ላዩም በትናንሽ ኳሶች ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው የአሜሪካ የሱፍ ምርቶች መለያ ሕግ መሠረት በልብሱ ላይ የሱፉ መቶኛ መጻፍ አለበት፤ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ሱፍም ከሆነ ይኸው መገለጽ ይኖርበታል። ስለዚህ በኪስ ውስጥ ወይም በአንገቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ከሻጩ ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ናይሎን የተቀላቀለበት ሱፍን ብዙዎች እንደ ማጭበርበር ያዩታል፤ እኔ ግን ለሱሪ፣ ለካልሲና ለስስ የውስጥ ልብስ እመርጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ናይሎኑ መፋተግን ይቋቋማል። ሱፉ ከግማሽ በታች ሲሆንና ቀሪው አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን ግን ልብሱን ለአደን የሱፍ ልብስ አልለውም።

ሦስተኛው የክሩ ቅጥነት ነው። ቆዳን የሚያሳክከው በአብዛኛው ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ ውፍረት ያለው ክር ሲሆን፣ ከቆዳ ጋር የሚለበስ ጥሩ ሜሪኖ፣ ማለትም ሜሪኖ ከተባለው የበግ ዝርያ የሚገኝ ለስላሳ ሱፍ፣ ከ20 ማይክሮን በታች ነው። ቀጭን ክር ይመቻል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ወፍራም ክር ይቆረቁራል፣ ይከርማልም። ሁለቱን በአንድ ልብስ ማግኘት ስለማይቻል ለስላሳው ከውስጥ፣ ሸካራው ከላይ ይለበሳል።

አራተኛው ድምፅ ነው። የናይሎን ጃኬት ቅርንጫፍ ሲነካው የሚያሰማው ኮሽታ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ሩቅ ይሰማል፤ ሱፍ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። ዘመናዊው ሰው ሠራሽ ልብስ በክብደትና በፍጥነት በመድረቅ ሱፍን ጥሎት እያለ አዳኞች ወደ ሱፍ የሚመለሱበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ከእሳት አጠገብ መቅለጥ አለመቻሉም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ከምድጃ የተፈናጠረ ፍንጣሪ ፖሊስተርን ቀዳዳ ሲያደርገው ሱፉን ጥቂት አጥቁሮ ይጠፋል።

እርጥበትን በተመለከተ «ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል» የሚለው አባባል እውነቱ ግማሽ ነው። ሱፍ ከራሱ ክብደት እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እንፋሎት በክሩ ውስጥ ይዞ ለቆዳ ደረቅ መስሎ ይቆያል፣ ሲመጥም ጥቂት ሙቀት ይለቃል፤ በላብና በቀላል በረዶ ጊዜ ከጥጥ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ የጠጣ ወፍራም ኮት ግን ክብደቱ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ ያለ እሳት በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ በሚጥልበት አገር ሱፍ ብቻውን በቂ አይደለም።

በመጨረሻ ሕጉ አለ። በሚኒሶታ በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት ኮፍያውና ከወገብ በላይ ያለው የላይ ልብስ፣ እጅጌና ጓንት ሳይቆጠሩ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት። ኮሎራዶም ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ብርቱካናማ ወይም ሮዝ አንጸባራቂ ቀለምና ከየአቅጣጫው የሚታይ ኮፍያ ትጠይቃለች። በድሮ ፎቶግራፎች የሚታየው ቀይና ጥቁር ዳማ ያለው ኮት ይህን ግዴታ አያሟላም፤ ከላዩ ሰፊ ሰደርያ ይደረብበታል። አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርቶ ስለማይለይ ቀለሙ አደኑን አይጎዳም።

ስለ ክብደት መለኪያ አንድ ማሳሰቢያ

የውስጥ ልብስና የሹራብ አምራቾች ክብደትን በስኩዌር ሜትር በግራም ሲጽፉ፣ የአሜሪካ ኮት ሰፊዎች ደግሞ በያርድ በኦውንስ ይጽፋሉ። ያርዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው ጨርቅ ርዝመት እንጂ ስኩዌር ያርድ አይደለም። በዚህ ስሌት «24 ኦውንስ» የተባለው ጨርቅ በስኩዌር ሜትር 500 ግራም ገደማ ይመጣል። በስኩዌር ያርድ የተለካ ከሆነ ግን ያው ቁጥር ከ800 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ኮቶችን በቁጥር ብቻ ከማወዳደር በፊት አለካኩን መጠየቅ ይገባል።

አማራጭ አንድ፦ የጠበቀ ወፍራም ሽመና፣ ማኪኖ

ይህ የሰሜን አሜሪካ ጫካ ሠራተኞችና አዳኞች ጥንታዊ ኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 በሂውረን ሐይቅ አካባቢ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የክረምት ካፖርት ሲያጥራቸው ከብርድ ልብስ ካሰፉት ኮት እንደመነጨ ይነገራል፤ ስሙንም ያገኘው ከማኪኖ ሰርጥ ነው። ከ18 እስከ 24 ኦውንስ በሚመዝን ሱፍ የሚሠራ ሲሆን፣ ጥሩው ዓይነት በትከሻና በክንድ ላይ ድርብ ጨርቅ አለው።

ከአምስቱ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ይኸው ነው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የማኪኖ ኮት ማየት በሚኒሶታና በዊስኮንሰን ብርቅ አይደለም፤ ቁልፉ ይቀየራል፣ ክርኑ ይጣፋል፣ ኮቱ ይቀጥላል። ወፍራምና ሙቀት የሚይዝ ስለሆነም ለማማ ተቀማጭ ይስማማል። ድካሙ ሲለበስ ይታያል፤ ይከብዳል፣ በቦርሳ አይታጠፍም፣ ከእርጥብ በረዶ በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ጭጎጎት ሲይዘውም ለቃቅሞ መጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲሱ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 ዶላር ይሸጣል። በዚህ የዋጋ ልዩነት ውስጥ ገዢው የሚከፍለው በከፊል ለጨርቁ፣ በከፊል ለስሙ ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የብርሃን ፈተና ማድረግ ብዙ ይቆጥባል።

አማራጭ ሁለት፦ ሎደን

በኦስትሪያና በባቫሪያ ተራሮች የዳበረው ሎደን ከሽመናው በኋላ እጅግ እንዲኮማተር ይደረግና ላዩ ተቧጥጦ የሚነሣው ጠጉር ወደ ታች ይበጠራል። ካፊያው ወይም በረዶው ያንን ጠጉር ተከትሎ ይንሸራተታል። ከማኪኖ ይልቅ ለስለስ ያለና ጸጥተኛ ነው፤ ነፋስን በመከላከል ደግሞ የነፋስ መከላከያ ሽፋን ካልተለጠፈበት ሱፍ ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ከተገኘም ውድ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን ያገለገለ የሎደን ኮት ፍለጋ መጀመሪያ ሊሆን ይገባል። ከጉልበት በታች የሚወርደው ረጅሙ ስፌት ለተቀማጭ ብቻ ነው፤ ለሚራመድ ሰው አጭሩ ይሻላል።

አማራጭ ሦስት፦ የሜሪኖ ሹራብ ሥራ

ሜሪኖ የኮት ተተኪ ሳይሆን የኮት መሠረት ነው፤ ከድምሩ በጀት መጀመሪያ ገንዘብ የሚመደብለትም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሦስት የክብደት ደረጃዎች ማየት ይበቃል። ከ150 ግራም ገደማ የሆነው ለሚራመድ ሰው ከቆዳ ጋር ይለበሳል፤ ላብን ቶሎ ያስተላልፋል፣ ነገር ግን የቦርሳ ማንገቻ በሚፋተግበት ትከሻ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነው መካከለኛና ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ነው። 400 ግራም የሆነው፣ በተለይ በውስጡ እንደ ፎጣ ትናንሽ ቀለበቶች ያሉት፣ ከመጀመሪያው በላይ እንደ ሹራብ ይደረባል፤ ለማማ ተቀማጭ ከአንድ በጣም ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ተደራራቢ ልብስ ስለሚሻል 200 እና 400 መደራረብ መልካም ነው።

ከ100 ዶላር የሚዘል የሜሪኖ ካናቴራ ያለ ናይሎን ድጋፍ በጣም ስስ ከሆነ የሚቆየው ብዙ ዓመት አይደለም። ለአደን የሚገዛ ሰው ልስላሴውን ብቻ ዳስሶ ቀጭኑን ከመምረጥ ይልቅ መካከለኛውን ቢወስድ ይሻላል። አጋዘን ነፋሱን ይዞ ሲመጣ የሰው ሽታ ትልቁ ጠላት ስለሆነ፣ ሜሪኖ ሽታን ከፖሊስተር ባነሰ መጠን ማውጣቱ ተጨማሪ ጥቅሙ ነው።

አማራጭ አራት፦ የነፋስ መከላከያ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ሱፍ

በውጭ ሱፍ፣ በመካከል ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ በውስጥ ገበር ያለው ይህ ዓይነት ሜዳ ላይ ወይም በሐይቅ ዳር ለሚጠብቅ አዳኝ ወዲያው የሚሰማ ልዩነት ያመጣል። ድምፁም ከናይሎን ጃኬት ያነሰ ነው። ሆኖም ዳገት ሲወጣ ላቡን ያፍናል። የተለጠፈው ሽፋን ዕድሜ ከሱፉ ዕድሜ ያጠረ ስለሆነም ሽፋኑ ሲላላ ደህናው ሱፍ አብሮ ይጣላል፤ ልብስ ሰፊም ሊያድነው አይችልም። ዘላቂነት ዋና መመዘኛዬ ነው ለሚል ገዢ አልመክረውም። ነፋስ ብቻውን ችግር ከሆነ፣ ከማኪኖ ኮት ሥር ስስ የነፋስ ሰደርያ መልበስ ያው ውጤት በትንሽ ዋጋ ይሰጣል፤ ኮሽታውም ከላይ ባለው ሱፍ ይታፈናል።

አማራጭ አምስት፦ የወታደር ትርፍ ዕቃና ሰልባጅ

በልባሽ ልብስ መደብሮችና የወታደር ትርፍ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ከ20 እስከ 60 ዶላር የሚገኝ የሱፍ ሱሪ በብዙ አዳኞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። የአውሮፓ ሠራዊቶች ለዓሥርተ ዓመታት ያከማቹት ሱሪና ኮት ለዘመቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሽመናው ጠቅጠቅ ያለ ነው። ችግሩ ልኩ ነው፤ ወገቡ ከፍ ያለ፣ እግሩ ሰፊ ወይም አጭር ይሆናል። ልብስ ሰፊ የሚያውቅ ሰው ይህን በጥቂት ዶላር ያስተካክለዋል።

መለያው የተነቀለ ልብስ ሲገጥም ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዞ ከሱቁ ውጭ በክብሪት ማቃጠል ይቻላል፤ ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል፣ ዓመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል፤ ፖሊስተርና ናይሎን ቀልጠው እንደ ዶቃ ይጠነክራሉ። ብል የበላውን ለመለየት በብብትና በአንገት ሥር ያለውን ጨርቅ ዘርግቶ በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ቀዳዳ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ ቀዳዳው ከበዛ ግን ልብሱን ቤት ማስገባት ራሱ ሌላውን ልብስ አደጋ ላይ ይጥላል።

ሱሪና ቀሪው

ኮት የሚገዛው ሰው ብዙ፣ ሱሪ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ሆኖም በረዶ የሚነካው፣ በእርጥብ ግንድ ላይ የሚቀመጠውና ቁጥቋጦ የሚቧጭረው ሱሪው ነው። ከ18 ኦውንስ ገደማ የሆነ፣ ጉልበቱና መቀመጫው ድርብ፣ ጥቂት ናይሎን ያለበት ሱሪ መምረጥ ይበጃል፤ ከባድ ስለሆነ ከቀበቶ ይልቅ በትከሻ ማንጠልጠያ ቢያዝ ይመቻል። የታችኛው ጫፍ ወደ ቦት ጫማ የሚገባ ጠባብ ቢሆን በረዶ አይሰበስብም። ካልሲ ወፍራም ሲሆን ጫማው እንዳይጠብ መጠንቀቅ፣ ጓንትም ምላጭ የሚስበው ጣት የሚገለጥበት ቢሆን መልካም ነው። ጋቢ ለማደሪያው ጎጆ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ማማ ላይ ከረጠበ ከብርዱ ጋር ይተባበራል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለተቀማጭ | ለተራማጅ | ነፋስ መከላከል | ዕድሜና ጥገና | ግምታዊ ዋጋ በዶላር |
|---|---|---|---|---|---|
| ማኪኖ ኮት | በጣም ጥሩ | ይከብዳል | ጥሩ | በጣም ረጅም፣ ይጠገናል | 250–500 |
| ሎደን ኮት | በጣም ጥሩ | አጭሩ ብቻ | በጣም ጥሩ | ረጅም፣ ይጠገናል | አዲሱ ውድ፣ ያገለገለው በአውሮፓ ረከስ ያለ |
| ሜሪኖ ሹራብ ሥራ | እንደ መሠረት | በጣም ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ፣ ስሱ አጭር | 70–130 ለአንዱ |
| ሽፋን የተለጠፈበት | ጥሩ | ያፍናል | በጣም ጥሩ | አጭር፣ አይጠገንም | ከማኪኖ ጋር ተቀራራቢ |
| የወታደር ትርፍ፣ ሰልባጅ | ጥሩ | እንደ ልኩ | ጥሩ | ረጅም፣ ይጠገናል | 20–60 ለሱሪ |

ለማን የትኛው

በ150 ዶላር ለሚጀምር ሰው፦ ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነ አንድ የሜሪኖ የላይ ልብስ፣ የወታደር ትርፍ የሱፍ ሱሪና ከሰልባጅ የተገኘ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ወይም ኮት። ከላይ የሚደረበው ብርቱካናማ ሰደርያ ርካሽ ነው። ይህ አለባበስ በብዙ የኖቬምበር ማለዳዎች 400 ዶላር ከወጣበት ኮትና ከጥጥ ካናቴራ ይበልጣል።

እስከ 500 ዶላር ያለው የሚኒሶታ ማማ ተቀማጭ ሁለቱን የሜሪኖ ድርብ፣ ማለትም 200 እና 400 ግራም፣ አስቀድሞ ይግዛ፤ በቀሪው ጥሩ ሱሪ ይጨምርና ኮቱን ያገለገለ ማኪኖ ይፈልግ። አዲስ ማኪኖ የሚመከረው ይህ ሁሉ ተሟልቶ ገንዘብ ለተረፈውና በየዓመቱ ለሚወጣ አዳኝ ነው። የተቀማጩ ሰው ሌላ ጉዳይ ወደ ማማው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ኮቱን ለብሶ ከመራመድ ይልቅ በቦርሳው ላይ አስሮ ሄዶ ከማማው ሥር ቢለብሰው ላብ አይዘውም።

የኮሎራዶ ተራማጅ ከባዱን ኮት ይተው። ከ150 እስከ 200 ግራም ሜሪኖ፣ ከላዩ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ሸሚዝ ወይም ሰደርያ፣ በቦርሳው ውስጥ ደግሞ ሲቀመጥ የሚለብሰው ቀላል የላባ ወይም ሰው ሠራሽ ጃኬት ይበቃዋል። እዚህ ላይ ሱፍን ከሌላ ጨርቅ ጋር ማቀላቀል ከንጹሕ የሱፍ አለባበስ ይሻላል፤ ለሱፍ ያለኝ ፍቅር ይህን ከመናገር አያግደኝም።

አያያዝ

ሱፍ ብዙ ጊዜ አይታጠብም፤ ይራገፋል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ አየር ይመታዋል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ ለሱፍ በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና፣ ተዘርግቶም በጥላ ይደርቃል፤ የማድረቂያ ማሽን ኮቱን ለልጅ ልክ ያደርገዋል። ተራ የልብስ ሳሙና ሁለት ጉዳት አለው፦ ፕሮቲን የሚፈታው ኢንዛይም ሱፉን ይበላል፤ ነጭ የሚያስመስለው ቅመም ደግሞ አጋዘን በደንብ የሚያየውን ሰማያዊና ከዚያ ያለፈ ብርሃን ያንጸባርቃል።

ሱፍ ሽታን ስለሚይዝ በእኛ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሽንኩርት በበርበሬ በሚቁላላበት፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል አጠገብ የተሰቀለ ኮት ያንን ሁሉ ይዞ ጫካ ይገባል። ስለዚህ የአደኑ ልብስ በጋራዥ ወይም በሌላ ክፍል ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን ውስጥ ታጥቦ ይቀመጥ፤ ብል የሚወደው ላብና ቅባት ያለበትን ሱፍ ስለሆነ ሳይታጠብ የከረመ ልብስ አይድንም። የተጠረጠረውን ልብስ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለሁለት ሳምንት በማቀዝቀዣው ፍሪዘር ማቆየት እጩን ይገድላል።

ኮት በሱቅ ሲለካ ከሥሩ የሚደረበውን ሁሉ ለብሶ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለቱን ክንድ ጠመንጃ እንደያዙ ወደ ፊት ሲዘረጉ ትከሻው የሚይዝ ከሆነ ወይም እጅጌው ከእጅ አንጓ በላይ ከተሰበሰበ አንድ ቁጥር ከፍ ይበሉ፤ ቁጭ ሲሉም የኮቱ ጫፍ መቀመጫውን መሸፈን አለበት።